ከነቆዳዋ የተቀበረችው ላም

ሀላኬ ከመታመሙ በፊት ግቢው እንዲህ ነበር። ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከበሩ በስተግራ ሰማያዊ የውኃ በርሜል፣ ከበርሜሉ በላይ በምስማር የተንጠለጠለ የቆርቆሮ ኩባያ። በስተቀኝ የላም ችካል፤ ገመዱ ተጠምጥሞበታል፣ ላም ግን የለችበትም። አጥሩ ጥግ ላይ ተቆፍሮ የተደፈነ መሬት አለ፤ ውሾች እንዳይጭሩት ድንጋይ ተከምሮበታል። በቤቱ የሚኖሩት ሦስት ነበሩ፦ የከብት ነጋዴው ሀላኬ፣ ሚስቱ ሀዎ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸው ሳጂዳ።

ኢንስፔክተር ኑርሀን ሁካ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ግቢው ስትገባ የተለወጠው ሁለት ነገር ነበር። ኩባያው መሬት ላይ ወድቆ ጎኑ ተጨፍልቋል። ሀላኬ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ተቀብሯል።

«ኩባያውን እንዳይነኩት፣ አፋንዴ። ማስረጃ ነው» አለ አሬሮ፣ የሟች ታላቅ ወንድም። በኬንያ ድንበር ዳር ባለው ማንያታ ሰፈር ፖሊስ ሁሉ አፋንዴ ነው፤ ወንድ ሆነ ሴት።

«የምን ማስረጃ?»

«የመርዝ። ወንድሜ ሊሞት ሲያጣጥር ሚስቱ በዚህ ኩባያ ውኃ አቀረበችለት። ገና ሲያየው ጮኸ። ተንቀጠቀጠ። በክንዱ መታው። ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ሰው የገዛ ሚስቱን ውኃ እንዲህ የሚፈራው ለምንድን ነው? አውቆባታላ!»

«ከሌላ ሰው እጅ ጠጣ?»

«ሁላችንም ሞክረናል። አልጠጣም። ቀድማ የሰጠችው ግን እሷ ናት።»

ኑርሀን ጎንበስ ብላ ኩባያውን አነሳችው። ከግርጌው በጥጥ ናሙና ወስዳ በላስቲክ ቋጠረችና ኩባያውን ወደ ምስማሩ መለሰችው። አሬሮ ፊቱ ጠቆረ።

«ይስሙኝ፣ አፋንዴ። አባቷን በገደለች ሴት ቤት የወንድሜ ልጅ አታድግም። ሽማግሌዎቹ እስከ ዓርብ ታገሥ ስላሉኝ ነው የታገሥኩት። ዓርብ ከሶላት በኋላ ሳጂዳን ይዤ እሄዳለሁ፤ እናቷን ደግሞ እናንተ ትወስዷታላችሁ።»

ይህን ሁሉ ሀዎ ከውስጥ ሆና እየሰማች ነበር።

ኑርሀን ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ሁለት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ስላሳለፈች፣ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን የማየት ልማድ አድሮባታል። ሀዎ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሳጂዳ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ሀዎ የግራ አውራ ጣቷን በቀኝ እጇ አንጓ ላይ ታሻሻለች። ኑርሀን አየችው፤ የሐዘንተኛ እጅ ማረፊያ አያገኝም ብላ አለፈችው።

«ፖሌ፣ እህቴ» አለቻት በስዋሂሊ፤ ያጽናሽ ማለቷ ነው። «የሚሉሽን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ትመልሻለሽ?»

«ልጄን አይውሰዱብኝ። ሌላው የፈለገው ይሁን፣ አፋንዴ። እኔን እስር ቤት ቢያስገቡኝ እንኳ ልጄ እናቷ ነፍሰ ገዳይ ናት እየተባለች አትደግ።»

«ሕመሙ በምን ጀመረው?»

«በእጁ። ቀኝ እጄን ይበላኛል፣ ይነዝረኛል አለ። ከዚያ ትኩሳት። ከዚያ ጉሮሮው። ውኃ ሲያይ ያ ነገር ይመጣበታል። ሲለቀው ግን አእምሮው ደህና ነበር። ይጠራኝና 'ሀዎ፣ ውኃውን አርቂው፤ ተቀይሜሽ አይደለም' ይለኛል።»

«ይህን አሬሮ ሰምቷል?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ጩኸቱን ነው ሰው የሚሰማው።»

ሀላኬን ያከመችው ሲስተር ጆይስ በሰፈሩ ካሉት የግል ክሊኒኮች በአንዱ የምትሠራ ነርስ ናት። ከደቡብ የመጣች ኬንያዊት ስትሆን አማርኛዋን የተማረችው ከወላዶች ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማ ያወቀቻቸው ቃላት «ግፊ» እና «አይዞሽ» ናቸው።

«ያለኝን ሁሉ ሰጠሁት፣ ኑርሀን። ጠንካራውን አንቲባዮቲክ፣ በደም ሥሩ። ውኃ የሰጠሁት ያህል ነው፤ ምንም አልሠራም። ከጉሮሮው ናሙና ወሰድኩ፣ ላብራቶሪ ላኩ። ጀርም የሚያበቅሉበት ሳህን ላይ ምንም አልበቀለም።»

«ይህን ለአሬሮ ነገርሽው?»

«ነገርኩት። 'ጀርም የለም ማለት መርዝ አለ ማለት ነው' አለኝ።»

«ውኃ እንደሚፈራ አይተሻል። ስለ ውሻ አልጠየቅሽም?»

ጆይስ ተቆጣች። «ታዲያ ምን የጠየቅኩ መሰለሽ? መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው! ሁሉም ማሉ። ውሻ አልነከሰውም፣ አልላሰውም፣ አላባረረውም። ሀላኬም ራሱ ማለ። ውሻ ከሌለ ምን ልበል?»

«ከውኃ ሌላ የሚፈራው ነገር ነበር?»

ጆይስ አሰበች። «ማራገቢያ። ሞቆታል ብዬ ስከፍትለት ጉሮሮውን ይዞ ጮኸ። ነፋስ እንዴት ያስጮኻል?»

ኑርሀን ከወንበሯ ተነሣች። «መርዝ ነፋስ አያስፈራም» አለች።

ከክሊኒኩ ወጥታ በቀጥታ ወደ አሬሮ ሱቅ ሄደች። የወንድሙን አስከሬን ያጠበው እሱ ነው።

«ሰውነቱ ላይ ምን አዩ?»

«ምንም። ቀኝ ክንዱ ላይ አሮጌ ጭረት ብቻ። ከእጁ ጀርባ እስከ ክርኑ፣ ጎን ለጎን፣ የዳነ።»

«ከምን ነው?»

«እንጃ። የከብት ነጋዴ ክንድ መቼ ጭረት አጥቶ ያውቃል?»

የሀላኬ ጎረቤት ጃለቱ ወተት ነጋዴ ናት። አፏ ሰፊ ነው፤ ልቧም እንደዚያው። ኑርሀን ከችካሉ ስለጠፋችው ላም ስትጠይቃት ጄሪካኖቿን ማጠቧን ትታ ቁጭ አለች።

«አይ ያቺ ላም! መጀመሪያ ድምፅዋ ተበላሸ። ስታገሳ እንደ ሽማግሌ ታንቋርራለች። ከዚያ ለሀጯ ይዝረበረብ ጀመር፤ ሳጂዳ በጨርቅ ትጠርግላት ነበር፣ የኔ ሚስኪን። መዋጥ አቃታት። አብዲ መጣና አየት አድርጎ 'አጥንት ነው' አለ።»

አብዲ የሀላኬ የንግድ ሸሪክ ነው።

«ላም አጥንት ትበላለች?»

«በዚህ ድርቅ? ጨው ሲያጥራት የሞተ ከብት አጥንት ታኝካለች እንጂ! እዚያ ጎልቦ ቆላ ሄደሽ ብታዪ ሁሉም እረኛ ከላም ጉሮሮ አጥንት አውጥቶ ያውቃል። ሀላኬም እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ፈለገ፣ ፈለገ፤ አጥንት የለም። ጥርሷ ክንዱን አረሰው።»

«አብዲስ የት ነበር?»

ጃለቱ ሳቀች። «ጅራቷን ይዞ! አስቢው። ያ የከብት ሐኪም ነኝ ባይ፣ የሰው ላም አፍ ሲበረብር የሚውለው ሰውዬ፣ ያን ቀን ጅራት ያዘ። 'አብዲ፣ ዛሬ ጥርሷን የምታየው በየት በኩል ነው?' አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱ ብቻ አልሳቀም።»

«ሌላ እጁን ያስገባ ሰው አለ?»

«እኔ ከመጣሁ በኋላ የለም። በማግስቱ ሞተች። አሬሮና እነ አብዲ ጎትተው እዚያ ጥግ ቀበሯት። ከነቆዳዋ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አብዲ ቆዳም ይነግዳል እኮ። ዝንብ ቆዳ ቢኖራት ይገፍፋት ነበር። ያን ቀን ግን 'ይቀበር፣ ማንም ቢላ እንዳያሳርፍባት' አለ።»

አብዲን ያገኘችው ከብት ገበያ ነው። ረጅምና ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር አመጣላት፤ እሱም ፊት ለፊቷ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሽርጡ ከፍ አለ። ባቱ ላይ የዳኑ አራት ጉድጓዶች አሉ፤ ሁለቱ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በትይዩ።

«እግርህ ምን ሆኖ ነበር?»

«ሽቦ አጥር ነው፣ አፋንዴ።»

ሽቦ ይሰነጥቃል እንጂ ከሁለት ወገን አይወጋም። ኑርሀን ይህን አልተናገረችም።

«ላሟ ከየት መጣች?»

«ከጎልቦ። እኔ ነኝ ያመጣኋት። ለልጅቷ ወተት ትሁን ብዬ ለሀላኬ ሰጠሁት።»

«ስትታመምስ?»

«የከብት አንቲባዮቲክ ወጋኋት። እዚህ አገር ለሁሉም እሱ ነው፤ ለሳልም፣ ለእግርም፣ ለዓይንም።»

«የት ላይ ወጋሃት?»

«ታፋዋ ላይ።»

«ሀላኬ ምንህ ነበር?»

«ወንድሜ ነበር፣ ወላሂ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው የውሸት አልነበረም።

«ሀዎ ትገድለዋለች ብለህ ታምናለህ?»

አብዲ ወደ ከብቶቹ አየ። አንዲት ቃል ቢናገር ሴትየዋ ነፃ በወጣች ነበር። «የሰውን ሆድ ማን ያውቃል፣ አፋንዴ?» አለ።

ኑርሀን ከገበያው ስትወጣ ለጆይስ ደወለች፤ ጆይስ ወደ ማርሳቢት ሆስፒታል ደወለች። ሐሙስ ማታ አንድ የበረዶ ሳጥን በአውቶቡስ ደረሰ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሁሉም በሀዎ ግቢ ተሰበሰቡ፤ አሬሮ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ አብዲ፣ ጃለቱ፣ ሳጥኗን እግሯ ሥር ያስቀመጠችው ጆይስ። ሀዎ በሯ ላይ ቆማለች፤ ሳጂዳ ቀሚሷን ጨብጣለች። አሬሮ ለልጅቷ ልብስ መያዣ ባዶ ከረጢት ይዞ መጥቷል።

«ከኩባያው እጀምራለሁ» አለች ኑርሀን። «ናሙናው ተመርምሯል፤ ውኃ ብቻ ነው። ሀላኬ ግን የፈራው ኩባያውን አልነበረም። ከማንም እጅ አልጠጣም፤ ይህን አሬሮ ናቸው የነገሩኝ። የማራገቢያ ነፋስም አስጩኾታል። ሚስቱን የጠረጠረ ሰው ማራገቢያ ለምን ይፈራል?»

«ጀርም የለም ተብሏል!» አለ አሬሮ። «ሳህኑ ላይ አልበቀለም!»

«እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የተሳሳትነው። ጃለቱ፣ ወተት አስቀምጠሽ ብትሄጂ ምን ይሆናል?»

«ይረጋላ።»

«ማን አረጋው? ውስጡ ያሉ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፤ ባክቴሪያ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ አንድ ሕዋስ ነው፤ ይበላል፣ ያድጋል፣ ለሁለት ይከፈላል። ምግብ ያለው ሳህን ብትሰጪው ያለ ማንም ረዳት ይበቅላል። አንቲባዮቲክ የሚገድለውም ሥራ ስላለው ነው፤ ግድግዳውን ሲገነባ፣ ምግቡን ሲያሰናዳ ይመታዋል። ቫይረስ ግን እንደዚህ አይደለም። አይበላም፣ አያድግም፣ አይተነፍስም። ሳህን ላይ ብታስቀምጪው እንደ አቧራ ተኝቶ ይቀራል። ሥራ ስለሌለው አንቲባዮቲክ የሚመታው ነገር የለውም። የሌላ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ብቻ ያንን ሕዋስ የራሱን አምሳያ ያሠራዋል። የራሱ እጅ የለውም፤ በሌላው እጅ ነው የሚሠራው። ሳህኑ ላይ ምንም አለመብቀሉ መርዝ መኖሩን አያሳይም። መድኃኒቱ ምንም ካለመሥራቱ ጋር ስናየው፣ ቫይረስን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ውኃና ነፋስ የሚያስፈራው ደግሞ አንድ ነው።»

«የእብድ ውሻ በሽታ» አለች ጆይስ።

«ውሻ አልነከሰውም ብለናል!» አለ አሬሮ።

«አልነከሰውም። ውሻው የነከሰው ላሟን ነው። በሽታው ያለው በምራቅ ውስጥ ነው። ላሟ መዋጥ ያቃታት አጥንት ስለተሰነቀረባት አልነበረም። ሀላኬ እጁን አስገባ፤ ጥርሷ ቆዳውን ከፈተለት፤ ለሀጩ ገባ። አስከሬኑን ሲያጥቡ ጭረቱን አይተዋል፣ አሬሮ። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ሳምንታት ይፈጅበታል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ክትባት ቢያገኝ ይድን ነበር። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም።»

ኑርሀን ወደ ሳጥኑ አመለከተች።

«ላሟን የነካ ሁሉ አሁን ክትባቱን ይወጋል። ሳጂዳ ለሀጯን ጠርጋለች። አሬሮ ሬሳዋን ጎትተዋል። ጃለቱ ወተቷን ቀድታለች። አብዲ፣ አንተ ደግሞ ይዘሃታል። እጅጌህን ሰብስብ፤ ካንተ እንጀምር።»

«እኔን ተዉኝ» አለ አብዲ።

«ለምን?»

«ጤነኛ ነኝ።»

«ጃለቱም ጤነኛ ናት።»

«መድኃኒቱ ለባሰበት ይትረፍ።»

«ለሁሉም ይበቃል» አለች ጆይስ። «እምቢ ለማለት የሚደፍረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ክትባቱን ቀድሞ የጨረሰ።»

«ሽርጥህን ከፍ አድርግና ባትህን አሳያቸው» አለች ኑርሀን።

አብዲ አልተንቀሳቀሰም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብድግ ብሎ የሽርጡን ጫፍ በምርኩዙ አነሣው። አራቱ ጉድጓዶች ታዩ።

«ጎልቦ በረት ውስጥ ነው» አለ አብዲ በመጨረሻ። «ውሻው መጀመሪያ እኔን ያዘኝ። ከዚያ ላሟን አፍንጫዋ ላይ። ድንበር ተሻግሬ ክትባት ተወጋሁ። ላሟ ላይ ጭረት ብቻ ነበር። ብናገር ከብቶቹ ሁሉ ይታገዳሉ፤ ሎሪው ሊጫን ነበር። ይይዛታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲይዛትስ?»

«አጥንት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

«ራስህን ካታለልክ ጅራቷን ለምን ያዝክ? ቆዳዋንስ ለምን ቀበርክ?»

አብዲ ሽርጡን ወደ ታች ሳበ።

«እሺ፣ ያን ቀን ደነገጥክ እንበል» አለች ኑርሀን። «ከዚያ በኋላ ሀላኬ ደህና ሆኖ፣ ክንዱ ድኖ፣ በየቀኑ አብሮህ ምሳ ይበላ ነበር። ያኔ ምን ትል ነበር?»

«ነገ እነግረዋለሁ እል ነበር» አለ አብዲ። «በየቀኑ።»

አሬሮ ከረጢቱን ጣለው። ሊመታው ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ያዙት። በግርግሩ መካከል ከበሩ በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«አፋንዴ፣ ላሟን የነካ ሁሉ ካሉ እኔም አለሁ» አለች ሀዎ። «ጃለቱ ከመምጣቷ በፊት ነው። ሀላኬ ገበያ ስለነበር፣ እጄ ትንሽ ነው ብዬ እኔ አስገባሁ። አንጓዬን ቧጨረችኝ። ደም እንኳ ብዙ አልነበረውም።»

የግራ አውራ ጣቷ ቀኝ አንጓዋ ላይ ነበር። አሁን ሁሉም አየው።

ኑርሀን ማክሰኞ ያለፈችውን ነገር ያኔ አወቀች። ማክሰኞ ብታውቀውም ለውጥ አያመጣም ነበር፤ ይህንንም አወቀች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚበላሽ?»

«ከቀብሩ ቀን።»

ጆይስ ሳጥኑን ከፈተች። ወደ ኑርሀን አላየችም። ሳጂዳን ወጋቻት፣ ከዚያ ሀዎን፣ ከዚያ ሌሎቹን። ሀዎ መርፌው ሲገባ ፊቷን አላጨማደደችም። ዓይኗ አሬሮ ላይ ነበር።

«ልጄ ትቀርልኛለች?»

አሬሮ ወደ እሷ ቀረበ። «ትቀርልሻለች» አለ። «በድዬሻለሁ፣ ሀዎ። በሰው ፊት ስምሽን አጥፍቻለሁ።» ሌላ የሚያደርገው ነገር ስለጠፋው ከምስማሩ ላይ የተጨፈለቀውን ኩባያ አወረደ፤ ከበርሜሉ ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበላት። «እንቺ። ከእጄ ጠጪ። አፉ በይኝ።»

ሀዎ ተቀበለችው። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ኩባያው ከንፈሯ ጋ ሳይደርስ አንገቷ ጥርቅም አለ፤ ትንፋሿ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ትከሻዋ ተነሣ። ኩባያው ወደቀ። ውኃው እግሯ ሥር ፈሰሰ፤ እሷም ከውኃው እየሸሸች ጀርባዋን ከግድግዳው አጣበቀች። ሳጂዳ ቀሚሷን አልለቀቀችም።



ሲለቃት ሀዎ ቀስ ብላ ተናገረች፤ የሰማት ቅርብ የነበረው አሬሮ ብቻ ነው።

«ውኃውን ያርቁት፣ አሬሮ። ተቀይሜዎት አይደለም።»

አብዲ በዚያው ቀን ታሰረ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በዋስ ወጣ፤ ዝም ያለ ሰው በየትኛው አንቀጽ እንደሚከሰስ ገና እየተከራከሩ ነው። ሳጂዳ ክትባቷን ጨርሳለች፤ ጤነኛ ናት። የምትኖረው አሬሮ ቤት ነው፤ ከመጀመሪያው ይወስዳታል በተባለበት ቤት። ከረጢቱን ያዘጋጀችላት ጃለቱ ናት።

ሀዎ ያረፈችው በተከታዩ ረቡዕ ነው። ጆይስ የበረዶ ሳጥኑን ወደ ማርሳቢት ስትመልስ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር አየች። ከመንገድ እስከ ክሊኒክ ያለውን ሁሉ መዝግቧል፤ ከአራት ዲግሪ አልፎ አያውቅም። ክትባቱ አልተበላሸም ነበር፤ ሀዎ ጋ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው።